«እናቷ የለችም እንዴ?» የልጅ ልብስ ስለ ወላጅ ምን ያወራል?

ባለፈው ጊዜ ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት ስልጠና አዲስ አበባ ሄደች። ቤቱም የ4 ዓመት ልጃችንም ለኔ ቀሩ። ቅዳሜ ጠዋት ልጄን አለባበስኩና እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ዳቦ ልንገዛ ወጣን። ቢጫ ሹራብ፣ በላዩ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ከሥር አረንጓዴ ታይት፣ እግሯ ላይ ቀይ የዝናብ ቦቲ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቦቲውን የመረጠችው እሷ ናት። የቀረው የኔ ሥራ ነው፤ አልክድም።

ዳቦ ቤቱ በር ላይ አንዲት የሰፈራችን ትልቅ ሴት አገኙን። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና «ውይ! እናቷ የለችም እንዴ?» አሉኝ።

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። ያለበስኳትም እኔ ነኝ። ስሟ የተነሳው ግን 350 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ባለቤቴ ናት።

ነገሩ ሲያስቀኝ ዋለ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። እኚህ ሴት ያነበቡት ልጅቷን አይደለም። በልጅቷ በኩል አልፈው ቤታችንን ነው ያነበቡት። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ፣ ማን ምን እንደሚችል። ደግሞ ልክ ናቸው፤ እናቷ አልነበረችም።

ትልቅ ሰው ሲለብስ መራጩም ለባሹም አንድ ሰው ነው። ትንሽ ልጅ ላይ መራጩ ሌላ፣ ለባሹ ሌላ ነው። ሕፃን መስታወት ውስጥ የሚያየው ራሱ መሆኑን እንኳ የሚለየው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ሲሆነው ነው። ይህን ለመፈተን ሳያውቅ አፍንጫው ላይ ቀለም ይቀቡትና መስታወት ፊት ያቆሙታል። እጁን ወደ ገዛ አፍንጫው ከሰደደ ራሱን አውቋል ይባላል። ከዚያ በፊት ቢያምርበትም ባያምርበትም ጉዳዩ አይደለም። ታዲያ ያ ሁሉ ማሳመር ለማን ነው?

ስለ ሸማቾች ጠባይ የሚያጠናው አሜሪካዊ ረስል ቤልክ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ለዚህ የሚጠቅም ሐሳብ አለው። ሰው «እኔ» ሲል ገላውን ብቻ ማለቱ አይደለም ይላል። ቤቱም፣ ንብረቱም፣ የኔ የሚላቸው ሰዎችም የ«እኔ» ተቀጥላ ናቸው። አዲስ ባጃጅህን ሰው ሲጭርብህ አንተን የጫረህ ያህል የሚያምህ ለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ለመረዳት ከሰፈር መውጣት አያስፈልግም። እኛ ሰፈር ባለቤቴን በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው። «የእገሊት እናት» ነው የምትባለው። በኦሮምኛም «ሃዳ እገሌ» ይባላል፤ ያው ነው። ጅማ ውስጥ በሁለቱም ቋንቋ እናት የምትጠራው በልጇ ነው። ስለዚህ ልጅቷ የተቀደደ ካልሲ አድርጋ ከወጣች ቀዳዳው የሚታየው የእናቷ ስም ላይ ነው። እኔ አባቷ ግን በዚያ ቀዳዳ አልታይም። ለምን? ልጅ ማልበስ የእናት ሥራ ነው ተብሎ ተደምድሟል። አባት አለባብሶ ያወጣት ቀን ብታምር «ጎበዝ አባት» ይባላል፤ ካላማረች እናቷ የለችም። ሁለቱም ፍርድ ለኔ ይመቸኛል፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም።

ይሉኝታ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩት። «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው። እነሱ ምን ይሉኝ ይሆን የሚል ፍርሃት አንድ ቃል ሆኖ ቁጭ ያለበት ነው። ይሉኝታ ትልቅ ሰው ላይ ሁለት በኩል ይቆርጣል። ተጎሳቁለህ ብትወጣ ይሉሃል። አጊጠህ ብትወጣም ይሉሃል፦ «ታየልኝ»፣ «ጉረኛ»፣ «ገንዘብ አገኘ መሰለኝ»። ልጅ ላይ ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚቆርጠው። ልጅህን አሳምረህ ብታለብስ ማንም ጉረኛ አይልህም። እንዲያውም «ለራሷ ሳትገዛ ለልጇ ገዛች» እየተባለች የምትመሰገን እናት አለች። ለራሳችን ስናደርገው ጉራ የሚባለው ለልጅ ሲሆን ስሙ ይቀየርና ፍቅር ይባላል። እኔ እንደሚመስለኝ የልጅ ልብስ ላይ ያለን ድካም ዋናው ምስጢር ይሄ ነው። ጉራ ያለ ቅጣት የሚያልፍበት ጠባብ በር ነው።

ይህን ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ያስተዋለ ሰው አለ። ኢኮኖሚስቱ ቶርስታይን ቬብለን በ1899 እ.ኤ.አ. ስለ ባለጠጎች ሲጽፍ፣ ሀብታሙ ሀብቱን በራሱ ላይ ብቻ አያሳይም ብሏል። ሚስቱና ቤተሰቡ በእሱ ፈንታ ያሳዩለታል። በአማርኛ ውክልና እንበለው። ሚስት በቬብለን ዘመን የተሸከመችውን ውክልና ዛሬ የ2 ዓመት ልጅ ተሸክሞት ታገኙታላችሁ። ፊርማ የለውም፤ ነገር ግን ክራቫት አስሯል።

ውክልናው የሚፈረመው መርካቶ ነው። የኛን የጅማውን ማለቴ ነው። ለዒድ ወይም ለእንቁጣጣሽ አንድ ሳምንት ሲቀረው የልጆች ልብስ መደዳ ውስጥ ግቡ። ነጋዴዎቹ ልጁን አያዩም፤ የእናቲቱን ጫማ፣ የአባትየውን ስልክ ነው የሚያዩት። ከዚያ የትኛውን ቀሚስ ከመስቀያ እንደሚያወርዱ ይወስናሉ። «ይሄ የቱርክ ነው»፣ «ይሄ ኦርጅናል ነው»፣ «ይሄን የሚወስዱት ውጭ አገር ሰው ያላቸው ናቸው»። ዋጋው ሲሰማ እናቲቱ ፊቷን ካጠቆረች የመጨረሻው ጥይት ይተኮሳል፦ «ማዘር፣ ለልጅ ይቆጠባል እንዴ?»

መልስ የለውም። «አዎ ይቆጠባል» ብሎ ከዚያ ሱቅ የወጣ ወላጅ እስካሁን አላየሁም። እኔም አልወጣሁም። በቡና ለቀማ ጊዜ፣ ገጠሩ ብር ሲይዝ፣ ይቺ ጥያቄ በተለይ ትሠራለች። ዓመቱን ሙሉ ቡና ሥር ጎንበስ ብሎ የዋለ አባት ለራሱ ያው ያረጀ ኮቱን ለብሶ፣ ለልጁ ከአንገት እስከ እግር አዲስ ሲገዛ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጁ ሲሄድ አዲሱ ጫማ ይንጫጫል። አባትየው ከኋላ ከኋላው እየሄደ ጫማውን ያያል።

ያ ሰው ጉረኛ ነው ለማለት አንደበት የለኝም። እዚህ ላይ የቬብለን ነገር ይጎድላል። ሁሉም ሀብት ለማሳየት አይደለም የሚገዛው። አንዳንዱ የሚገዛው የድሮ ጉድለት ለመሙላት ነው። «እኔ ያጣሁትን ልጄ አያጣም» የሚለውን ያላለ ወላጅ የለም። ያ ጉድለት ደግሞ የልጁ አይደለም። ልጁ ምንም አልጎደለበትም፤ ገና ትናንት ነው የተወለደው። የአባቱን ልጅነት ነው የሚለብሰው።

ከኔ ልጅነት ልንገራችሁ። እኛ ቤት ልብስ የሚገዛው «እንዲያድግበት» ነበር። ሱሪው ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋል። ጫማው አፍንጫ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቃል። በዓመቱ ጥጡ ይወጣል፤ ልኬ ይሆናል ሲባል ሶሉ ያልቃል። በልኬ የሆነ አዲስ ጫማ ሳላደርግ አደግሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ እኔ ለልጄ ጫማ ስገዛ በልኳ ነው የምገዛው፤ ጣቷ ከጫፉ ጋር ሊገናኝ እስኪደርስ። ባለቤቴ ትናደዳለች። «በ3 ወር ይጠባታል» ትላለች። ይጠባታልም። ሕፃን ሲወለድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ1 ዓመቱ 75 ይደርሳል። ክብደቱ በዚያው ጊዜ 3 እጥፍ ይሆናል። እንደዚያ ለሚያድግ ገላ በልክ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን ሱቅ ውስጥ ገንዘብ የሚከፍለው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ጫማ ያደረገው ልጅ ነው፤ እሱን እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

የእንዲያድግበት ቤቶችን ግን ቆጣቢ ብቻ አድርጋችሁ አትዩአቸው። ሰፊ ልብስ ላይ እምነት አለ። ልጁ እንደሚያድግ፣ የሚቀጥለው ክረምትም እንዳለ ያመነ ሰው ነው አሳልፎ የሚገዛው።

አሁን ተቃራኒውን እንይ። አያቶቻችን ልጅን ማሳመር ይፈሩ ነበር። ያማረ ልጅ ዓይን ይገባበታል። ስለዚህ ሆን ብሎ ልጅን ሳያሳምሩ መተው፣ ወንዱን «አንቺ» እያሉ መጥራት፣ ከሰው ፊት አለማውጣት የተለመደ መከላከያ ነበር። ራሱ ተላጭቶ ቁንጮ ብቻ የተተወለት ልጅ፣ አንገቱ ላይ ክታብ ያሰረ ልጅ፣ ያኔ የወላጁን ፍርሃት ለብሶ ነበር የሚዞረው። ያም ልብስ ነው። የወላጅ ነጸብራቅነቱም ከዛሬው ክራቫት አያንስም፤ የተቀየረው የምንፈራው ነገር ነው። እነሱ እንዳይታይ ይፈሩ ነበር፤ እኛ ሳይታይ እንዳይቀር እንፈራለን። ግን ድሮውም አልጠፋም። ዛሬም ልጅህን ያደነቀች የጅማ እናት «ማሻአላህ» ካላለች ሌላዋ ታሳስባታለች፤ ክርስቲያኗ «ከዓይን ያውጣት» ትላለች። የልጁን የልደት ፎቶ ቲክቶክ ላይ ለጥፎ ከሥሩ «ከዓይን ያውጣልኝ» የሚጽፍ አባትም አውቃለሁ። ሁለቱንም ፍርሃት በአንድ ቀን።

ልብስ የሃይማኖትና የወገን ነገርም አለበት። የኦርቶዶክስ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ነጭ ይለበሳል፤ ማዕተቡ ያኔ ይታሰራል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ገና 3 ዓመት ያልሞላት ልጅ ለዒድ ሂጃብ ታደርጋለች። በሃይማኖቱ ሕግ አይጠበቅባትም፤ እናቷን መምሰል ግን ትፈልጋለች፤ እናቷም መመሰል ትወዳለች። እንደኛ ባለ ቅይጥ ሰፈር ልጆቹ አብረው ጭቃ ሲያቦኩ ይውሉና፣ በዓል ሲመጣ ልብሳቸው የማን እንደሆኑ ያስታውሳቸዋል። እንደኔ ክፋት የለበትም። ለልጁ የመጀመሪያው የ«እኛ» ትምህርት ነው።

ስለ ሮዝና ሰማያዊ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ከጥንት የመጣ ስለሚመስለው። ለአራስ ጥየቃ ልብስ ልትገዙ ስትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወንድ ነው ሴት?» ነው። ይህ ልማድ የመጣባቸው የምዕራብ አገሮች ግን ከመቶ ዓመት በፊት ወንዱንም ሴቷንም ነጭ ቀሚስ ነበር የሚያለብሱት። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1884 እ.ኤ.አ.፣ 2 ዓመት ተኩል ሆኖት የተነሳው ፎቶ አለ፦ ረጅም ጸጉር፣ ነጭ ቀሚስ። ማንም አልሳቀበትም፤ ሁሉም እንደዚያ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ነጭ ተቀቅሎ ይጸዳል፤ ቀሚስ ደግሞ ጨርቅ ለመቀየር ይመቻል። በ1918 እ.ኤ.አ. አንድ የልጆች ልብስ ነጋዴዎች መጽሔት እንዲያውም ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም ስለሆነ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለስለስ ያለ ስለሆነ ለሴት ብሎ መክሯል። አሁን የምናውቀው አደላደል የጸናው ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

ቀለሙ ተራ ነገር ነው እንዳትሉ። በ1978 እ.ኤ.አ. ካሮሊን ስሚዝና ባርባራ ሎይድ የሚባሉ ተመራማሪዎች የ6 ወር ሕፃናትን አንዳንዴ በወንድ፣ አንዳንዴ በሴት ልብስ አለበሱ። ከዚያ ልጆቹን ለማያውቋቸው እናቶች ሰጧቸው። እናቶቹ የወንድ ልብስ የለበሰውን ይበልጥ እንዲንቀሳቀስ ያበረታቱታል፤ መጫወቻም ሲያቀርቡለት የወንድ የሚባለውን ያስቀድማሉ። ያው ሕፃን ቀሚስ ሲለብስ አሻንጉሊት ይሰጠዋል። ልጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የትልልቆቹ እጅ ነው። ስለዚህ ልብሱ እኛን ከማሳየት አልፎ ሌላው ሰው ልጁን እንዴት እንደሚይዘው ይወስናል። ወላጆች ይህን በደመነፍስ ያውቁታል። ልጃቸውን ወደ ጤና ተቋም ወይም ወደ ትምህርት ቤት ሲወስዱ በጣም ጥሩውን ልብስ የሚያለብሱት ለታይታ ብቻ አይደለም። «የሚፈልገው ሰው ያለው ልጅ ነው» ብለው እየተናገሩ ነው። ደህና የለበሰ ልጅ ይበልጥ በትህትና ይስተናገዳል፤ መሆን አልነበረበትም፣ ግን ነው።

ስለ ኬጂ ምርቃት ብዙ አልልም። የ6 ዓመት ልጅ ጋዋንና ቆብ አድርጎ ፎቶ ሲነሳ፣ ፎቶው የማን ምኞት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ምኞቱ ቅርብ ሆኖ ይታያል መሰለኝ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ውድና ርካሽ ነው። ጅማ ውስጥ ግን ከዋጋ በላይ የሚናገር ነገር አለ፦ ንጽሕና። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አፈሩ ቀይ ነው። ያ ጭቃ ነጭ ካልሲ ከያዘ አይለቅም። በሐምሌ ጠዋት ከቦሳ ቂጦ ወደ መሃል ከተማ በእግሩ የመጣ፣ ካልሲው ግን ነጭ የሆነ ልጅ ብታዩ፣ ዋጋውን አትጠይቁ። ከሰልባጅ የተለቀመ ሊሆን ይችላል። ግን ማታ ያጠበው፣ ከሰል ላይ ያደረቀው፣ ጭቃውን አዝሎ ያሻገረው ሰው አለ። ውድ ልብስ አንድ ቀን ብር ያገኘ ሁሉ ይገዛዋል። ንጹሕ ልብስ በየቀኑ ጉልበት ይጠይቃል፤ በብድር አይመጣም። በኔ ግምት የሰፈር ዓይን ይህን በደንብ ያውቃል። «ድሃ ናት ግን ልጆቿን አታዩም?» የሚባለው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ይሄ ንባብም ሰው ይጎዳል። ውኃ በጠፋበት ሳምንት፣ ሌሊት ፈረቃ የሠራች እናት ልጅ ቆሽሾ ቢታይ ስለ ፍቅሯ ምንም አይናገርም። ስለ ቧንቧው ነው የሚናገረው።

አካሉ ራሱ ምን ይፈልጋል? ይቺን በአጭሩ። ጅማ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ይሞቃል። እኛ ግን «ብርድ ይመታዋል» ብለን ሕፃኑን ጋቢ፣ ሹራብ፣ ኮፍያ ደራርበን እናላብሰዋለን፤ ያልደረበች እናት ግድየለሽ ትባላለችና። በተለይ የሚተኛ ሕፃን ከልክ በላይ መሞቅ አደጋ አለው፤ ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያ አያስፈልገውም። ኮፍያው ላይ ገመድ ያለው ጃኬት ከሆነ ደግሞ ገመዱን መዝዛችሁ አውጡት። መንሸራተቻና በር ላይ ተይዞ ልጅ ያንቃል፤ በአውሮፓ ከ7 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አንገት አካባቢ እንዳይኖር በደረጃ ተከልክሏል። ጫማ ደግሞ ከኩራትም በላይ ነው። ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር መርገጥ እግር የሚያሳብጥ በሽታ እንደሚያመጣ ደጋው ኢትዮጵያ በደንብ ያውቃል።

እና ልጁ አንድ ቀን ውክልናውን ይሰርዛል። 3 ወይም 4 ዓመት ላይ «እኔ ነኝ የምመርጠው» ይጀመራል። አንዳንዷ ልጅ ከሮዝ ቀሚስ በቀር ሞቼ እገኛለሁ ትላለች፤ ሱሪ ብቻ የምትለብሰው እናቷ እንኳ ብታስገድዳት አይሆንም። የኔዋ ቦቲዋን ነው የያዘችው።

ባለቤቴ ከተመለሰች በኋላ እንቁጣጣሽ መጣ። የአበሻ ቀሚስ ተገዝቶላታል፣ ነጭ ጫማም፣ በልኳ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፤ የግቢያችን በር ላይ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ልጅቷ በቀሚሱ ተስማማች። ጫማው ጋ ሲደረስ ግን ቀይ ቦቲዋን ታቅፋ ተቀመጠች። ባለቤቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ ጭቃውን አየሁ።

ልጅቷ በቦቲዋ ሄደች። ነጩ ጫማ በፌስታል እኔ እጅ ላይ ነበር። አያቷ ቤት በር ላይ ስንደርስ ከውስጥ የእንግዳ ድምፅ ሰማሁ። ቁጢጥ ብዬ እግሯን ጠረግሁና ቀየርኩላት።